የእናቷ ሂጃብ በመርሳ ግድግዳ ላይ

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፤ ክርስቲያን ነኝ፤ መርሳ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። የግድግዳውን ሥዕል የሠራችው በዚያው ትምህርት ቤት ሥዕል የምታስተምር ባልደረባዬ ናት፤ የሀብሩ ገጠር ልጅ፣ ሙስሊም፣ ራሷም ሂጃብ ለባሽ። የኔ ድርሻ መሰላል መያዝ ነበር። ማስረዳቱን ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን እሱንም ያዝኩት።

በዋናው መንገድ ዳር ባለ የእህል መጋዘን ግድግዳ ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳ፣ አራት ሴቶችን ከመሬት ከፍ አድርጋ በሰው ቁመት ልክ ሳለች፤ ነርስ፣ ተማሪ፣ ባጃጅ ነጂና ሽንኩርት ሻጭ። ፊታቸው ቀለም ነው። ሂጃባቸው ግን እውነተኛ ጨርቅ ነው፤ ሴቶች ለብሰው ካረጀባቸው ለምና ያመጣችው፣ በምስማር የተያዘ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ያያችሁት እኔን ነው ወይስ ጨርቁን?» ብላ ጻፈች።

«ለምን በሂጃብ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ባጃጅ ውስጥ ስለ ሂጃብ ሲያወሩ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ» አለችኝ። «ፊት ለፊት እንዲያወሩት ብዬ ነው።»

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቷታል። የሽንኩርት ሻጯ አረንጓዴ ሂጃብ የእናቷ ነው። እናቷን «ለሥዕል ነው» ብላ ስትለምናቸው፣ ጨርቁን አይታ የምትስለው መስሏቸው ሰጧት። ግድግዳ ላይ እንደሚቸነከር አልነገረቻቸውም። ሥዕል መማሯንም የተቀበሉት ቅር እያላቸው ነበር። በገበያ ቀን ደግሞ በዚያ መንገድ ያልፋሉ።

«ከተቀየመችኝ ኖራ እቀባዋለሁ» አለች። «ሁሉንም። ከዚያ ወዲህም ብሩሽ አልነካም።»

የገበያው ቀን ደረሰ። ከግድግዳው ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ግድግዳው እመላለሳለሁ። ሰው እየተሰበሰበ ነው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ጨርቆቹ ይርገበገባሉ፤ የኔም ልብ አብሮ።

«ወይ ጉድ! ግድግዳው ሰለመ!» አለ ከጋራዥ የመጣ መካኒክ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ምን እንደሚመጣ ስለማላውቅ እኔ አልሳቅሁም።

«ቀልድ አይደለም» አሉ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት። «ሂጃብ የሴት ልጅ ክብር ነው፤ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ አይሰቀልም። የሰው ሥዕሉስ ቢሆን ይፈቀዳል እንዴ!»

«አባባ፣ ይልቅ ጥያቄውን ይመልሱት» አለች አንዲት ተማሪ። «መጀመሪያ ያዩት ምኑን ነው?»

«እኔ ሽንኩርቱን!» አለ መካኒኩ። «በዘንድሮ ዋጋ ሌላ ምን ይታያል?»

«የኛም እኮ ያው ነው» አለች ነጠላ የለበሰች ባለሱቅ። «ትንሽ ከተከናነብኩ ‹ማን ሞተብሽ?› ነው የምትሉኝ።»

ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ አላስችል አለኝ። «ጉዳዩን በሦስት ከፍለን ብናየው...» ብዬ ጀመርኩ።

«መምህር፣ ገና አልተደወለም!» አለኝ መካኒኩ።

ያኔ ባልደረባዬ ከኋላዬ መጥታ «መጣች» አለች ቀስ ብላ። እናቷ ባዶ ከረጢታቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ከሰው ዳር ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላየንም። ሰው ሲናገር ወደ ተናጋሪው እየዞሩ ያዳምጣሉ። ከዚያ ሰውን ከፍለው ወደ ግድግዳው ሄዱና የአረንጓዴውን ጨርቅ ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙት።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞረ።

«ስሰማችሁ ቆየሁ። ክብር ነው አላችሁ፣ ሳቃችሁ። የማን ነው ያለ ግን የለም። ይሄን ለብሼ፣ ሽንኩርት ተሸክሜ፣ በዚሁ መንገድ ስንት ዘመኔ። ዛሬ ገና ቆማችሁ አያችሁት።»

«አውፍ በሉን፣ አጥፍተናል» አሉ አዛውንቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እናት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አውርጅልኝ።»

መሰላሉን ያዝኩላት። ወጥታ ምስማሮቹን ነቀለች፤ አንዱ ጨርቁን ቀደደው። የሽንኩርት ሻጯ ራስ ባዶ ሲሚንቶ ሆነ፤ በጨርቅ ይሸፈናል ብላ ፀጉር አልሳለችለትም ነበር።

«እማ፣ ሁሉንም አወርዳለሁ» አለች እንባዋ እየመጣ። «ኖራ እቀባዋለሁ።»

«ሌሎቹ አውርጅልን አሉሽ?»

«አላሉም። እነሱ እንደሚሰቀል ያውቃሉ።»

«እንግዲያ የሰው አማና ነው፣ አደራ ነው፤ አትንኪው። እኔ የራሴን ነው የጠየቅሁሽ።» አቧራውን አራገፉና በለበሱት ላይ ደርበው ተከናነቡት፤ ቀዳዳው ትከሻቸው ላይ ዋለ።

እስከ ሚኒባሱ ሸኘናቸው። ከረጢቱን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ አልሰጧትም። ተቀይመዋል ብዬ ደመደምኩ። ምን ብዬ እንደማጽናናት ሳሰላስል፣ እናት አንድ እግራቸውን ሚኒባሱ ላይ እንዳደረጉ ዞር አሉ።

«ጁምዓ ነይ። ቀለምሽንም ይዘሽ ነይ። እኔን ስትስይ እያየሁሽ ይሁን።»

«እሺ እማ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉና ገቡ።

ሥዕሉ እስካሁን አለ። ሦስቱ ሂጃቦች ፀሐይ እያነጣቸው ነው። የሽንኩርት ሻጯ ራስ አሁንም ባዶ ነው፤ ባልደረባዬ ሌላ ጨርቅ አልሰቀለችለትም። አላፊ አግዳሚው «የዚችሳ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ረጅም ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ትቀድመኛለች።

«ባለቤቷ ለብሳው ሄደች።»