ያልተመለሰችው ሩር

ሙሀመድሰይድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ቆቦ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ካለችው ግራር ሥር፣ አንድ እግሯን በድንጋይ ያስደገፋትን ጠረጴዛ ዘርግቶ ይውላል። እንጀራው ማመልከቻ ይሁን እንጂ ነፍሱ ያለችው የገና ጨዋታ ላይ ነው፤ ያቺ ቆልማማ ዱላና ያቺ ሩር የምትባል ኳስ ላይ። በዓሉ የክርስቲያን ነው፣ እሱ እስላም ነው። ይህ እንዴት ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ለወሎ እንግዳ መሆኑ በዚያው ይታወቅበታል።

ራሱ የተጫወተው በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ በ1939 ዓ.ም.። ዱላውን በወጉ ሳያነሳ አንዱ የሮቢት ጎረምሳ ቅልጥሙን አለውና በቃሬዛ አወጡት። ቃሬዛው ላይ እንደተኛ «ማነው የመታኝ? ስሙን ንገሩኝ፣ ልጻፈው!» አለ። ከዚያ ወዲያ መጻፉን አልተወም። ሃያ ሰባት ዓመት፣ አሥራ አንድ ደብተር። አገሩ «ሼህ ሩር» ብሎ ስም አወጣለት፤ እሱም ስድብ መሆኑ አልገባውም ወይም እንዳልገባው ሆነ።

የቆቦና የሮቢት ሰዎች በየዓመቱ በጎሊና ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ይገጥማሉ። ማን ሩሯን ከማን ወሰን አሻገረ፣ የማን ጥርስ ረገፈ፣ የማን ዱላ ከምን እንጨት ተቆረጠ፣ ሁሉንም ይጽፋል። ከእሱ በፊት የነበረውን ደግሞ ከሽማግሌ ይለቅማል፤ ለዚህም ደንብ አለው። ከቆቦ አንድ ምስክር፣ ከሮቢት አንድ ምስክር። ከተስማሙ ይጽፋል። ካልተስማሙ የሁለቱንም ቃል ይጽፍና ከሥሩ «ሁለቱም ይዋሻሉ» ብሎ ይፈርማል። አንድ ጊዜማ የአንድ ሽማግሌ ቀብር ላይ ሟቹ በጣልያን ጊዜ ሩር ስንቴ እንዳገባ ልጆቹን ሊጠይቅ ገብቶ በከዘራ ተባሯል። ያንንም ጽፎታል፣ ከከዘራው ርዝመት ጋር።

ከሁሉ የሚወደው ግን ስድቡን ነበር። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? በዚያን ቀን ገዥ ዳስ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሰደባል፣ ይስቃል፣ ጠጅ ይልካል። አንዱን የድሮ ገዥ፦

የኛ ጌታ ቦርጩ ቀድሟቸው ይደርሳል፣
እሳቸው ሲመጡ ገበያው ይፈርሳል።

ብለዋቸው እሳቸው ራሳቸው ድገሙልኝ ማለታቸው በሦስተኛው ደብተር ላይ አለ። ሙሀመድሰይድ ይህን ባነበበ ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃል። እሱ ራሱ ግን በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ስድብ ወርውሮ አያውቅም። ማመልከቻ ጸሐፊ ነዋ! እጁም አፉም «በታላቅ ትሕትና» ከማለት ሌላ አልለመዱም።

ታዲያ ለስድቡም ወሰን አለው። ጨዋታው ሲያበቃ የጨዋታው አባት ሩሯን በሁለት እጁ ይቀበልና «ተዘግቷል» ይላል። ከዚያች ቃል በኋላ ጌታ ጌታ ነው፣ ጭሰኛ ጭሰኛ። በ1939 አንዱ ቀልቃላ ሩሯ ከተመለሰች በኋላ ምላሱ አላርፍ ብሎት ሠላሳ ጅራፍ ቀምሷል። የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ይኸው ነው፤ ሙሀመድሰይድም ላገኘው ሁሉ ሲያነብ ስለኖረ ከቆቦ እስከ ጎብዬ የማያውቀው የለም።

እንግዲህ 1965 መጣ። ዝናቡ ቀረ፣ ማሽላው ክንድ ሳያህል ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ። ሰው ከየቀዬው ወርዶ አውራ ጎዳናው ዳር ተኛ፤ የተኛውም ሁሉ አልተነሳም። ሙሀመድሰይድ በዚያ ዓመት ጻፈ፣ ጻፈ፣ ጣቱ እስኪያብጥ ጻፈ። «ክቡር ሆይ፣ እኛ አመልካቾች በደረሰብን የእህል እጥረት ምክንያት በታላቅ ትሕትና እናመለክታለን።» መቶ አርባ ሁለት ማመልከቻ! ለአንዱም መልስ አልመጣም። በኋላ ከቢሮው ሾልኮ የወጣው ወሬ፣ የወረዳው ገዥ ለበላይ አካል «በአካባቢያችን ጥጋብ ነው» ብለው ጽፈዋል የሚል ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጥጋብ!

የ1966 ገና ሲደርስ ጨዋታው ይቅር ያለ ነበር። የሮቢቱ ገበሬ ካሳው ግን «ብንጫወትም ይርበናል፣ ባንጫወትም ይርበናል። ተጫውተን ይራበን» አለ። ካሳው በነሐሴ ሴት ልጁን የቀበረ ሰው ነው፤ እሱ እንዲህ ካለ ማን ይከራከራል? ሩሯንም እሱ ሠራት። ቡሬ የሚሉት በሬው የሞተው ከልጁ በኋላ ነበርና፣ ከተረፈው ቆዳ ቆርጦ ሰፋት። ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ ቆዳ ይቀቀል ነበር። ካሳው ያቺን ቁራጭ ከድስት አስቀርቶ ነው ለጨዋታ የሰጠው።

ከየወገኑ ሰባት ሰው ብቻ ተሰለፈ፤ በደኅናው ቀን ሰባ ይሆኑ ነበር። ሁለቱ መሀል ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆቦ አንድ፣ ሮቢት አንድ ሆነው ሩሯ ከአቧራው ውስጥ ተስፈንጥራ፣ እንደ ታዘዘች ሁሉ፣ ሙሀመድሰይድ እግር ሥር ቆመች።

ይህን ሰው ምን ነካው? ሲያያት ስፌቷን አየ፣ የቡሬን ነጭ ፀጉር አየ። «ይቺን አንዱ ወስዶ ይቀቅላታል፤ እንዲህ ያለች ሩር ደግሞ በታሪክ የለችም» አለና ጎንበስ ብሎ ብብቱ ውስጥ ከተታት። ማንም አላየም። የጨዋታው አባት፣ ሽማግሌው አባ ደምሴ፣ እጃቸውን ዘርግተው ቢጠብቁ ሩሯ የለችም። ሰው ሁሉ አሸዋውን ፈለገ፣ ከዚያ ፍለጋውን ተወ። «የራበው ወስዷት ይሆናል፣ ይብላት» አለ አንዱ ቀስ ብሎ። ማንም ማንንም አልፈተሸም። ሙሀመድሰይድ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ነገር ግን አላወጣትም። ይልቁንስ ደብተሩን ከፍቶ «አንድ ለአንድ። ጨዋታው ተፈጸመ» ብሎ ጻፈ።

ገዥው ይህን ጊዜ ከወንበራቸው ተነሱና ንግግር አደረጉ። ዘመኑ የተባረከ መሆኑን፣ ሕዝቡም ጠግቦ በደስታ መጫወቱን ተናገሩ። ካሳው ዱላውን አሸዋው ላይ ተክሎ እንዲህ አለ፦

አገር ጠግቧል ብለው ጻፉ አሉ ጌታ፣
የጠገበስ አፈር፣ ሰው በልቶ በተርታ።

የሳቀ አልነበረም። ገዥውም ጠጅ አልላኩም። «ጨዋታው አልቋል፣ ያዙት!» አሉ፤ ካሳውን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ።

ክሱ ባለሥልጣንን በአደባባይ መስደብ ነበር። ገዥው ምስክር አያጡም፤ የፈለጉት ግን የማይካድ ማስረጃ ነበርና ጸሐፊያቸውን ልከው የሙሀመድሰይድን ሁለት ደብተሮች አስወሰዱ። አንዱ የ1939ኙ ጅራፍ ያለበት፣ አንዱ «ጨዋታው ተፈጸመ» የሚለው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ቁም ነገሬ ብሎ ያላያቸው ደብተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈለጉት ካሳውን ለማሰር ሆነ።

በቀጠሮው ዋዜማ ከቀትር በኋላ ሚስቱ ሀጀራ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ አውጣት።»

«ምኗን?»

«ምኗን ይለኛል እንዴ! አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳጥኑ የበሬ ቆዳ ሲሸት እኔ አፍንጫ የለኝም? ወላሂ፣ ነገ ይዘሃት ካልሄድክ እኔ እወስዳታለሁ።»

«ሀጀራ፣ ሌባ እባላለሁ። ሌባ የጻፈውን ማን ያምናል? ሃያ ሰባት ዓመቴ ገደል ገባ ማለት እኮ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።»

«ዘንድሮ መቃብሩ በዝቶ ስምህ የሚውልበት ቦታ የለም» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ለዘብ አለ። «የካሳው ሚስት ልጇን ቀብራለች፣ በሬዋን ቀብራለች። ባሏንም አንተ ልትቀብርባት ነው?»

 

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። መግባት ያቃተው በመስኮት ተንጠለጠለ። ዳኛው የደከማቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ተጫውተው አንድ የፊት ጥርሳቸውን ጎሊና ላይ ጥለውታል፣ ይህም አራተኛው ደብተር ላይ ከነቀኑ አለ። ገዥው ከፊት ወንበር ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ካሳው በካቴና ቆሟል፣ ከስቶ ካቴናው ይሾልክበታል።

ዳኛው ደብተሩን አነሡ። «ይህ የእጅ ጽሕፈት ያንተ ነው?»

«የኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ካሳው የተናገረው ‹ጨዋታው ተፈጸመ› ብለህ ከጻፍክ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነው።»

ቤቱ አጉረመረመ። ገዥው ፈገግ አሉ።

«ሐሰት ጽፈህ ታውቃለህ?» አሉ ዳኛው፣ ለወጉ ያህል።

ሙሀመድሰይድ የካሳውን ካቴና አየ። «አንድ ጊዜ» አለ። «ይችው ናት። ‹ጨዋታው ተፈጸመ› ያልኩት ውሸት ነው። አልተፈጸመም።» እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሩሯን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። «እኔ ነኝ የሰረቅኋት። የራበው በላት ስትሉ ዝም አልኩ። የራበው ሰው አልነካትም። እኔ በልቼ ያደርኩት ነኝ የወሰድኋት።»

ከመስኮቱ አንዷ ሴት «ኧረ ሼህ ሩር! ኧረ ወዲያ!» አለች፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

ዳኛው ሩሯን አገላብጠው አዩዋት። «አባ ደምሴ! ይቺን ሩር በእጅዎ ተቀብለዋል?»

«አልተቀበልኩም።»

«‹ተዘግቷል› ብለዋል?»

«ምን ይዤ እላለሁ?»

ዳኛው ባዶ ድዳቸውን በምላሳቸው ዳበስ አደረጉ። «እንግዲያስ በአገሩ ልማድ ጨዋታው አላለቀም። ባላለቀ ጨዋታ ላይ ደግሞ ጌታ አይቆጣም። ተከሳሹ ይለቀቅ።»

ገዥው ብድግ አሉ። «መልካም! አሁን ይቀበሏትና ይዝጉት! እዚሁ፣ በፊቴ!»

ሙሀመድሰይድ ሩሯን አንሥቶ ለአባ ደምሴ ዘረጋ። አባ ደምሴ ሩሯን አዩ፣ ገዥውን አዩ፣ ካሳውን አዩ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላቸው አዙረው አጣመሩ።

«አልቀበልም» አሉ። «ልጆቹ አልጠገቡም፣ ይጫወቱ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከበሩ አንዱ በገዥው ጫማ ጀመረ፣ ከመስኮቱ ሌላው በቦርጫቸው ቀጠለ፣ ያቺ ሴትዮ የማይጻፍ ነገር አለች፤ ሙሀመድሰይድ ግን በኋላ ጻፈው። ገዥው መሀል ላይ ቆመው ቀሩ። መቆጣት አይችሉ፣ መሳቅ አልሆነላቸው።

ካሳው ካቴናው ተፈትቶለት መጣና ሩሯን ተቀበለው። አውራ ጣቱን በነጩ ፀጉር ላይ አመላለሰ። «ቡሬ ነው» አለ ለራሱ። ከዚያ ቀና ብሎ «አንተ ሌባ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ስድብ ስትለቅም ኖረሃል። አሁን ተራው ያንተ ነው፤ በል ወርውር!» አለው።

«ኧረ እኔ አልችልም…»

«ወርውር!» አለ ሕዝቡ።

ሙሀመድሰይድ ወደ ገዥው ዞረ። አሥራ አንድ ደብተር ሙሉ ስድብ በቃሉ ያውቃል፤ የቦርጩ፣ የጢሙ፣ የበቅሎው። አንዱም አልመጣለትም። «ክቡር ሆይ፣ በታላቅ…» ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው። ያ መቶ አርባ ሁለት ጊዜ ያልጻፈው ነገር ነው የወጣው።

«ጌታዬ፣ ሰው እየሞተ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ገዥው አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ መሬቱ አዩ፤ ወደ እሱ ግን አላዩም። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፣ ሕዝቡም መንገድ ለቀቀላቸው።

«ቤት አልመታም» አለ ካሳው ቀስ ብሎ፣ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ።

ሙሀመድሰይድ ደብተሩን ከዳኛው ጠረጴዛ አነሣ። «ጨዋታው ተፈጸመ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘና ከሥሩ ጻፈ፦ «ሩሯን የሰረቀ፦ ሙሀመድሰይድ። ስድብ፦ ሰው እየሞተ ነው። ቤት አይመታም። ምስክር፦ ከቆቦ ሁሉም፣ ከሮቢት ሁሉም።»