ሞተሩ ሲሞቅ የሚመጣው ድምፅ

በጠጠር ማምረቻው ጋራዥ ውስጥ ጆሮ የሚሉት መካኒክ ነበር። ስሙን ያወጡለት የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ፓምፕ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የታመመውን ቦታ ስለሚናገር ነው። ተሳስቶ አያውቅም ይባልለታል። እሱም ይህን ሲሰማ አስተባብሎ አያውቅም፤ ምስጋና የሚጠላ ማን አለ?

ለሹፌሮቹ ሁሉ አንድ ስብከት ነበረው። ባልዲ የሚያነሳው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ዘይት መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ከዘይት ታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቱቦ ወፍራምና አጭር ይሁን። ቆሻሻ የሚያጣራው ደቃቁ ፊልትሮ ደግሞ በዚያ በኩል አይግባ፤ ዘይቱ ሥራውን ጨርሶ ወደ ታንከሩ በሚመለስበት በኩል ይቀመጥ። የተጠማ ሰው ጉሮሮ ላይ ወንፊት አይታሰርም ይል ነበር። ይህን ስብከት የማያውቅ ሠራተኛ ቢኖር ያን ዕለት የተቀጠረ ነው።

ከማሽኖቹ አንዱን፣ ከፊቱ ባልዲ ያለውን ትራክተር፣ የምትነዳው አንድያ ልጁ ናት። አሮጌው ፓምፕ ደክሞ በገዛ እጁ አዲስ ከገጠመላት ወዲህ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ጠዋት ሲነሳ ሰላም ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ሠርቶ ሲሞቅ ፓምፑ ማቃሰት ይጀምራል። የብረት ፍጭት አይደለም። ቀጭን ነው፣ ይረዝማል፣ ጫፉ ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ቁርጥ ይላል። በዚያው ቅጽበት ድንጋይ የሞላው ባልዲ አየር ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አጥፍተው ሲያስነሱት ምንም የለም፤ ቆይቶ እንደገና ይመጣል። በአራት ወር ሁለት ፓምፕ ተበላ። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ በግዝፈቱ በር የማይበቃው ሰውዬ፣ ያን ማሽን አንድ ቀን ነድቶ ከወረደ በኋላ ይህ ማሽን መንፈስ አለበት፣ ደመወዜን ቁረጡ እንጂ አልመለስበትም አለ።

ሥራ አስኪያጁ በመንፈስ አያምንም፤ የሚያምነው በጥፋተኛ ነው። ፓምፕ የምትገድለው ልጅቷ ናት፣ ሦስተኛው ከሞተ ቁልፉን ታስረክባለች ብሎ ለሁሉም ተናገረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው አባትየው ዘንድ የደረሰው በመጨረሻ ነበር።

እሱ ደግሞ ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። ድምፁ የሟች ሚስቱ ነው። ባለፈው ዓመት ጓዳ ውስጥ ተኝታ፣ ጠዋት ደህና ውላ የምታድር መስላ፣ ቆየት ሲል ልክ እንደዚህ ታቃስት ነበር። ደረቷ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ስንት ጊዜ አዳምጧል! ያ የተመሰከረለት ጆሮ የታመመውን ቦታ ማግኘት አቃተው። አሁንም ካቻቢቴውን ፓምፑ ላይ ያስቀምጥና ሳይጨርስ ያነሳዋል፣ ይፈራል። ቱቦውን ቀየረ፣ ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ፊልትሮውን ለወጠ። ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን መሳቢያ ቱቦ ፈትቶ ወደ ውስጥ ቢያይ ወለል ያለ ባዶ ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ሄዶ አባትና ልጅ ብቻ ቀሩ። የድንጋይ መፍጫው ቆሟል፣ አቧራው ረግቷል፣ ከትራክተሩ በቀር የሚሰማ የለም። ሩብ ሰዓት ሞላ። ድምፁ መጣ።

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ጎንበስ አለች። «አባዬ፣ የእማዬ ድምፅ ነው አይደል?»

ክው አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሰማሽው?»

«ከመጀመሪያው ቀን። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እጇን ወደ ቁልፉ ስትሰድ፣ «አታጥፊው» አላት። እስከዛሬ ጥፋቱን የፈለገው ሁልጊዜ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መሆኑ የታየው ያኔ ነው። ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን የፓምፑን ጉሮሮ የሚይዘው ነገር ሞተሩ ሲቆም ይለቀዋል ማለት ነው። የታንከሩን ክዳን ፈታ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ትኩሱ ዘይት ውስጥ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ። እያቃጠለው ግድግዳውን ተከትሎ ወደ መሳቢያ ቱቦው አፍ ወረደ። እዚያ ለስላሳ ነገር ተለጥፎ ነበር። ሲይዘው መልሶ ጎተተው። ሰው እጁን የያዘው መሰለውና ሊጮህ ምንም አልቀረውም። ጥርሱን ነክሶ ሳበ፤ ማቃሰቱ መሃል ላይ ተቆረጠ።

የወጣው ብጣሽ ጨርቅ ነው። ዘይቱን ሲጨምቁት ሰማያዊ አበቦች ታዩበት። የሚስቱን ቀሚስ ሌላ ሰው ገላ ላይ ከማይ ብሎ፣ ከሐዘኑ በኋላ ቆራርጦ የእጅ መጥረጊያ አድርጎት ነበር። ፓምፑን የገጠመ ዕለት አቧራ እንዳይገባ በአንዱ ቁራጭ የታንከሩን አፍ ደፈነ። ጀማሪዎችን ሲሰድብበት የኖረውን ሥራ ራሱ ሠራው፤ ክዳኑን ሲገጥም ጨርቁን ማውጣት ረሳ፣ ወደ ውስጥም ገባ።

ኪሱ ቢከተው የሚያውቅ አልነበረም። ልጁም አትናገርበትም። ግን ዘይቱን እያንጠባጠበ ቢሮ ገባ፤ ምሳውን በሚበላው ሥራ አስኪያጅ ፊት ቆመና፣ «ፓምፖቹን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ላይ ያወሩትን ያንሱላት» አለ። ከዋና መካኒክነቱ ወርዶ ግሪስ ቀቢ ሆነ። ልጅቷ ከነቁልፏ ቀረች።

በማግስቱ ትራክተሩ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ኮሽ አላለም። ማምሻውን ማቆሚያው ጋ ጠበቃት። ሞተሩን አጠፋች፣ ግን አልወረደችም።

«ዝም አለልሽ?» አላት።

«አለ።» መሪውን በመዳፏ ደባበሰች። «ምነው ባላወጣኸው፣ አባዬ።»

እሱም ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ ሲያስብ ነበር የዋለው።