ከራዲያተሩ ፊት የወጣችው ነጠላ

ይህ የሆነው አምና፣ በጥቅምት ውርጭ ነው። የማልረሳው እህቴን ስላጣሁበት ብቻ አይደለም። በሞቷ የሚወቀሱት ሰው ጥፋት እንደሌለባቸው ከራሳቸው ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስሞቹን ቀይሬያለሁ፤ እናቴም ማንበብ አትችልም።

የምንኖረው ንፋስ መውጫ ነው። የእናቴ ወንድም ጋሼ ዘውዱ ያኔ ግቢያችን ውስጥ ነበሩ። ሚስት የላቸውም፤ ያለቻቸው በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ላንድሮቨር ናት። በውርጭ ወራት ሞተሯ እንዳይበርዳት ማታ ፊቷን በጆንያ ይሸፍኑና ጠዋት ገልጠው ያስነሷታል። "ሙሽራዋ ደህና አደረች?" እያልን እንስቅባቸው ነበር።

ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ስልክ ተደወለ። ስማዳ የተዳረችው እህቴ የሺ ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏታል። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ጋሼ ጆንያውን ወርውረው መኪናዋን አስነሱ፤ እኔም ዘልዬ ገባሁ።

ወደ ስማዳ ስንወርድ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። የሺን ከኋላ አስተኝተን፣ እኔ ጨቅላውን አቅፌ ወደ ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት ዳገቱን ስንጀምር ግን የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነነ።

ጋሼ በረድ እስኪል ጠብቀው የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ከፈቱና ውሃ ሞሉ። ትንሽ ሄደን እንደገና ፈላ። ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ ነካኩት፤ አልላላም። የሚያፈስ ቱቦ ፈለጉ፤ የለም። ውሃውን አግዶ ይሆናል ብለው ቴርሞስታቱን ፈትተው ጣሉት። አሁንም ፈላ። በቆምን ቁጥር ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። የየሺ ከንፈር ነጥቷል።

"እማዬ ጋ አልደረስንም?" ትለኛለች።

"ደርሰናል" እላታለሁ።

በመጨረሻ ጋሼ ሞተሩ እየሠራ መዳፋቸውን ከፊት አስጠጉ። "አየር አይስብም" አሉ። ሞተሩን አጥፍተው በፍርግርጉና በራዲያተሩ መሃል ክንዳቸውን ሰደው ጎተቱ። የተጣጠፈች ነጠላ ወጣች። ወይን ጠጅ ጥለቷን ሳይ ወዲያው አወቅኳት። የእማዬ ናት። ማታ ውርጩ ሲበረታ፣ ጆንያው አይበቃም ብላ ለወንድሟ መኪና ከውስጥ ደርባላት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሳትፈላ ዳገቱን ወጣች። የሺ ግን ከተማው ሲታየን አረፈች።

ጋሼ ነጠላዋን ከመቀመጫቸው ሥር ከተቷት። "ለናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ። የተበላሸው የውሃ ፓምፑ ነው በይ" አሉኝ።

ለቅሶው ላይ እማዬ በሰው ሁሉ ፊት፣ "በዚህ ቁርጥራጭ ብረትህ ልጄን በላሃት!" አለቻቸው።

አንገታቸውን ደፍተው፣ "እውነትሽን ነው፤ ፓምፑን ማሳደስ ነበረብኝ" አሉ። ከተዝካሩ በፊት ግቢያችንን ለቀው ወጡ። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ፊቷን ታዞርባቸዋለች።

ጨቅላው ተርፏል፤ የምታሳድገው እማዬ ናት። ሰሞኑን ውርጩ ሲመለስ ሳጥኗን ማገላበጥ ጀመረች።

"ያቺ ወይን ጠጅ ጥለት ያላት ነጠላዬ የት ገባች? ልጁን ልደርብለት ነበር" አለችኝ።

"አላየኋትም" አልኳት።

ጋሼን ሳያቸው አንጀቴ ያራል። እማዬን ሳያት ደግሞ አፌ አይከፈትም። እሷ አሁንም እየፈለገች ነው።