የሰሌዳ ጸሐፊዋ ግለ ሂስ

የእጅ ጽሑፌ ማማሩ አንድም ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ይኸው ስንት ዓመት አልፎ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ያ ነገር በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰዎች «እርሺው፣ የልጅነት ነገር ነው» ይሉኛል። የልጅነት ነገር የሚረሳ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ሲያድግ ጤነኛ ይሆን ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ኮልፌ ውስጥ አሥረኛ ክፍል እማር ነበር። ክፍላችን ውስጥ ከሰባ በላይ ነን፤ በአንድ ዴስክ አራት እየሆንን እንቀመጣለን፤ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለአምስት ሰው አንድ ስለሆነ በተራ ነው ቤት የሚወሰደው። ስለዚህ ትምህርት ማለት ሰሌዳ ነው። መምህሩ «ኖት» ይሰጣል፣ ተማሪው ይገለብጣል። ይሰጣል ስል ግን እጁን አያነሳም። ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ከተማሪዎቹ መካከል እጁ ያማረ ነው። ያም ሰው እኔ ነበርኩ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ይገባል፣ «ጉድ ሞርኒንግ» ይላል፣ ቆመን እንመልሳለን። ከዚያ ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተሩንና ጠመኔውን ይሰጠኝና ወንበሩን አንጠልጥሎ ይወጣል። በሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣውን ይዘረጋል። (ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ እዚህ ግን አንቱታው ይቅርብኝ።) እኔ አርባ ደቂቃ ሙሉ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ እጽፋለሁ። «ቲቸር፣ ዞር በይልን አይታይም!» «ቲቸር፣ ቀስ በይ፣ እጃችን ዛለ!» እያሉ ይቀልዱብኛል። ደወል ሲደወል ሁሉም ደብተሩን ከድኖ ይወጣል። የኔ ደብተር ባዶ ነው። ለሰባ ሰው የጻፍኩት እኔ፣ አንድ ደብተር ለመዋስ የሰው ፊት ሳይ እውላለሁ። የሚያውሰኝ ቢገኝ እንኳ «ለነገ ጠዋት» ብሎ ነው፤ ቤት ደግሞ ሥራ አለ። ደብተሬ መቼም ሞልቶ አያውቅም። «ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ በቀን ስንት ክፍል ይዞ» እያሉ የሚከራከሩለት አሉ። ይሁን። የኔ ደመወዝ ግን ጭራሽ አልነበረም።

አንድ ቀን ኮዛቲቭ የሚባለው ትምህርት መጣ። ሥራውን ራስህ ሳትሠራ ሌላ ሰው እንዲሠራው ስታደርግ እንዴት ትናገራለህ ነው ነገሩ። በአማርኛ አናስብበትም፤ ቆረጠ ያልነውን አስቆረጠ፣ ጠገነ ያልነውን አስጠገነ እንላለን፣ አለቀ። እንግሊዝኛ ግን ለዚህ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ሜክ፣ ሃቭ፣ ሌት፣ ጌት። አንዱ ማስገደድ ነው፣ አንዱ ማዘዝ፣ አንዱ መፍቀድ፣ አንዱ አግባብቶ ማሠራት። ክፍሉ ግራ ሲጋባ ለኔ ወዲያው ገባኝ። አባቴ አናጺ ነበር፤ ገበያው አጠገብ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረችው። ሰው እንዴት እንደሚያሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት። እየተቆጣ የሚያሠራ አለ። ልኩን ወረቀት ላይ ጽፎ አዝዞ የሚሄድ አለ። «አንተ እንደመሰለህ» ብሎ የሚተው አለ። ሻይ ጋብዞ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቆ፣ አባብሎ ከሰው ቀድሞ የሚያሠራም አለ። አራቱን የእንግሊዝኛ ቃላት በአራት ደንበኞች ያዝኳቸው። ከሰዋስው ውስጥ እንደዚያ የወደድኩት ነገር የለም።

በዚያ ሳምንት የመጽሐፉ ተራ የኔ ስለነበር ቤት ወስጄ ምዕራፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በማግስቱ መምህሩ ደብተሩን ሰጥቶኝ ሲወጣ መጻፍ ጀመርኩና ሦስተኛው መስመር ላይ እጄ ቆመ። «አይ ሃድ ዘ ካርፔንተር ቱ ሜክ ኤ ቴብል» ይላል፤ አናጺውን ጠረጴዛ አሠራሁት ለማለት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግን መሃል ላይ ያለችው «ቱ» የለችም። ከአራቱ ቃላት «ቱ» የምትከተለው ጌትን ብቻ ነው ይላል። የመምህሩ ደብተር ከአራቱም ጋር አስገብቷታል። ወደ ታች ወረድ ብዬ አየሁ፤ እስከ ገጹ መጨረሻ ድረስ እንዲያው ነው።

ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ጋዜጣውን ዝቅ እንኳ አላደረገም።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ መጽሐፉ ሌላ ነው የሚለው።»

«ምን ይላል?»

«ቱ የለውም።»

«እኔ ይሄን ደብተር ስጽፍ አንቺ አፍሽን አልፈታሽም ነበር» አለኝ። «የተሰጠሽን ጻፊ።»

ገብቼ ጻፍኩ። ወደ ክፍሉ ዞሬ «ይቺ መስመር ታጠራጥራለች» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲገለብጥ እያየሁ ዝም አልኩ። ጥፋት ካለብኝ ይቺ ናት።

የሴሚስተሩ ፈተና ለአሥረኛ ክፍል በሙሉ አንድ ዓይነት ነበር። ስለ ኮዛቲቭ አምስት ጥያቄ መጣ፤ ሁሉም በሜክ፣ በሃቭና በሌት። የሌሎቹ ክፍሎች ልጆች አብዛኞቹ መለሱት። የኛ ክፍል ከሰሌዳው እንደገለበጠው ጻፈና አምስቱንም ሳተ፤ ከአንድ ሰው በቀር። ያቺ አንድ ሰው እኔ ነኝ። መጽሐፉ እንዳለው መለስኩ። አውቄ ልሳት?

ወረቀቱ ሲመለስ ክፍሉ ተንጫጫ። ደብተራቸውን ይዘው ግር ብለው ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ሄዱ። ዩኒት ሊደር የምንለው የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረውን መምህር ነው። የኛው ዩኒት ሊደር ስብሰባ የሚወድ፣ ንግግሩ ሁሉ ከሬዲዮ የተቀዳ የሚመስል ሰው ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሩን አስጠርቶ ጠየቀው። መምህሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጸሐፊዋ ስትገለብጥ አሳስታ ነው።»

እኔም ተጠራሁ። ከዩኒት ሊደሩ ራስ በላይ በየቢሮው በፎቶ የሚሰቀሉት ሦስቱ ጺማም የኮሚኒዝም አባቶች ያዩኛል። መምህሩ መስኮቱ ጋ ቆሟል።

«ሰሌዳ ላይ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ፈተናው ላይ ግን አንቺ ብቻ በትክክል መልሰሻል።»

«አዎ፣ መጽሐፉን አንብቤ…»

«ጓደኞችሽን የተሳሳተ አስገልብጠሽ፣ ራስሽ ትክክለኛውን መለስሽ። ይሄ ዝርክርክነት ነው ወይስ አሻጥር?»

አሻጥር! ያኔ ያ ቃል እንደ ቀልድ የሚወረወር አልነበረም። ስኳር ከገበያ ሲጠፋ፣ መጋዘን ሲቃጠል በሬዲዮ የሚባል ቃል ነው፤ ሰው ያሳስር ነበር። እኔ በአንዲት «ቱ» አሻጥረኛ ልባል!

«መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው፣ ለቲቸር ነግሬያቸዋለሁ! ደብተራቸው ይታይ!»

«እዚህ መሐላ የለም» አለኝ። መምህሩ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ ደብተሩ ቤት መቅረቱን ተናገረ። በየቀኑ ከብብቱ የማይለየው ደብተር ያን ቀን ቤት ቀረ! ዩኒት ሊደሩም አምጣው አላለውም። «ይሄ የደብተር ጉዳይ አይደለም፤ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ነገ ወላጅ ታመጫለሽ። ሰኞ ክፍልሽ ፊት ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ» ብሎ ዘጋው። ግለ ሂስ የማያውቅ ወጣት ካለ፣ ሰው ፊት ቆሞ የራስን ጥፋት መዘርዘር ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ትልልቅ ሰዎች ሲያደርጉት ሰምቻለሁ። ለእንግሊዝኛ ኖት ሲደረግ ግን የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። የሹም ልጅ ብሆን ኖሮ ያ ደብተር ከቤቱ እየበረረ ይመጣ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

በማግስቱ አባቴ ሥራውን ዘግቶ መጣ። ኮቱ ላይ ሰጋቱራ ነበረበት። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘና የተባለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ጽፈሻል?»

«ጽፌአለሁ፤ ግን አባባ…»

«በቃ» አለኝና ወደ መምህሩ ዞሮ ጎንበስ አለ። «መምህር፣ ልጅ ናት፣ ይቅር ይበሏት። ጥፋቱ የኔ የአሳዳጊዋ ነው።»

እስቲ ይታያችሁ! ደብተሩ የሱ፣ ስህተቱ የሱ፣ ትእዛዙ የሱ፤ የሚያጎነብሰው አባቴ። መምህሩ ደግሞ አላፈረም፤ «ግድ የለም፣ ልጅነት ነው» ብሎ ይቅር አለን። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከጸጸት አልነበረም፤ ከንዴት ነው። ዩኒት ሊደሩ ግን «ተጸጽታለች» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

ከግቢው ወጥተን ፌርማታው ጋ ስንደርስ አባቴ ቆመ።

«እንዳላጠፋሽ አውቃለሁ» አለኝ።

«በምን አወቁ?»

«ደንበኛ ‹ቁም ሳጥኑ በበር አልገባ አለኝ› ብሎ ሲመጣ፣ ልኩን የጻፍክበትን ወረቀት አምጣ እለዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ ይመጣል። ‹ቤት ረሳሁት› ካለኝ ልኩን ያበላሸው ራሱ ነው። ይሄም ሰውዬ ደብተሩን ቤት ረስቷል።»

«ታዲያ ለምን ይቅርታ ለመኑት?»

«ማርክሽ በማን እጅ ነው?» አለኝ። «ሰኞ የሚሉሽን በይና ጎንበስ ብለሽ እለፊው።»

ባያምነኝ ይሻለኝ ነበር። ሳያምነኝ ለምኖ ቢሆን ተታልሎ ነው እል ነበር። እሱ ግን እያወቀ፣ በሙሉ ልቡ እያወቀ ነው ያጎነበሰው። ቅዳሜና እሑድ «በዝርክርክነት ገልብጬ ጓደኞቼን አሳስቻለሁ» የሚለውን በቃሌ አጠናሁ። ለአባቴ ስል ልለው ቆርጬ ነበር።

ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። ሁልጊዜ ጀርባዬን ነበር የማሳያቸው፤ ያን ቀን ፊታቸውን አየሁት። የሳምንቱ ቁጣ አልበረደላቸውም፤ አንዳንዶቹ ስሜን እንኳ መጥራት ትተው «አሻጥር» ይሉኝ ጀምረዋል። ዩኒት ሊደሩ ከኋላ ቆሟል። መምህሩ በሩ አጠገብ ነው። ደብተሩ በብብቱ አለ። እሱን ሳይ ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

«ግለ ሂሴን አቀርባለሁ» አልኩ። «መስመሩ ስህተት መሆኑን አውቅ ነበር። ወጥቼ ለቲቸር ነገርኳቸው። የተሰጠሽን ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩ። ለናንተ ግን ስህተት ነው አላልኳችሁም፤ ፈራሁ። እናንተ ሳታችሁ፣ እኔ መለስኩ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ። ለሌላው አልጠይቅም።»

ከግለ ሂስ በኋላ ይጨበጨብ ነበር፤ ማንም አላጨበጨበም። እንደ ደንቡ የራሴን ጥፋት ነው የዘረዘርኩት፣ ዩኒት ሊደሩ ምን ይበለኝ? ጉሮሮውን ጠርጎ «ግለ ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል» አለና ወጣ። መምህሩ አንገቱ ድረስ ቀልቶ ነበር። ጠመኔውን ለሌላ ልጅ ሰጠ። ቦታዬ ሄጄ ስቀመጥ የዴስኬ ልጅ ደብተሯን ወደኔ ገፋ አደረገችና «ያለፈውን ገልብጪ፣ እስክትጨርሺ ያዢው» አለችኝ።

ካርድ ሲሰጥ እንግሊዝኛዬ በቀይ ተጽፏል፤ አርባ ስምንት። የፈተና ውጤቴን አውቀዋለሁ፤ አርባ ስምንቱ እሱ ብቻ ነው። ከመቶ ሠላሳው ለደብተርና ለተሳትፎ መምህሩ እንደወደደ የሚሰጠው ነበር። ለደብተር ዜሮ፣ ለተሳትፎ ዜሮ። ሄጄ ስጠይቀው «ደብተርሽ ጎዶሎ ነው» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ የሱን ሥራ ስሠራለት የጎደለ ደብተር! ተሳትፎ ደግሞ ከዚያ በላይ ምንድን ነው?

ካርዱ ላይ ወላጅ መፈረም አለበት። አባቴ መላጊያውን አስቀምጦ ተቀበለኝ። ሰኞ ያልኩትን ከሰው ሰምቶት ኖሯል። ቀዩን ብዙ ጊዜ አየው። ተቆጥቶ ቢመታኝ በወደድኩ።

«እንግዲህ እኔ ያን ቀን ያጎነበስኩት ለምንድን ነው?» አለኝ በቀስታ።

ፈረመልኝ። እስኪሞት ድረስ ነገሩን ደግሞ አላነሳውም፣ እኔም አልመለስኩለትም። ያልኩትን አልጸጸትበትም፤ ያ ሰኞ ዛሬ ቢመለስ ያንኑ እላለሁ። ነገር ግን እውነቱን የተናገርኩት የአባቴን ልመና ከንቱ አድርጌ ነው። ለአንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ «ወይ እውነቱን፣ ወይ አባትሽን» ብለው ምርጫ ያቀረቡላትን ሁለት ሰዎች ዛሬም ይቅር አላልኳቸውም።