ያልተደገመው የደም ምርመራ

ይህ ነገር አራት ሰዎችን ይመለከታል። ታናሽ ወንድሜን ሙሉቀንን፣ የብቸናውን ወጌሻ አያ ደሴን፣ ከወሎ ተመድቦ የመጣውን ደም መርማሪ ኑረዲንን፣ እኔንም።

ባለፈው ሰኞ ክንዱ የተሰበረ ልጄን ሞጣ ሆስፒታል ወስጄው ነበር። ደሙን ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀዱት «አንዴ ቀድታችሁ የለ?» ብሎ አጉረመረመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣው ነበር። ያን ዕለት ግን ተነሥቼ በረንዳ ላይ ቆምሁ።

ሙሉቀን እግሩን የተሰበረው ከብዙ ዓመት በፊት በሐምሌ፣ የጤፍ ማሳ ለዘር ሲረገጥ፣ በሬ ገፍትሮ ከእርከን ጥሎት ነው። እርሱ አሥራ ስምንት፣ እኔ ሃያ አራት ዓመታችን ነበር። የቅልጥሙ ስብራት ቆዳውን በጥቂቱ ቀድዶታል። አያ ደሴ አጥንቱን አቃንተው በቀርከሃ አሰሩት፤ ቁስሉን ግን አልወደዱትምና ጤና ጣቢያ ይታይ አሉ።

እዚያ ኑረዲን ደሙን በቀጭን ብልቃጥ አቁሞ በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚዘቅጥ ለካ። ቶሎ ከዘቀጠ ሰውነት ውስጥ ብግነት አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ተገኘ።

«አሁን መጨመሩ አያስደንቅም፤ አጥንት ሲሰበር ይጨምራል» አለኝ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሰህ አምጣው። መውረድ ካልጀመረ ሞጣ ይሄዳል።»

እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ራሴን በራሴ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ከገበያ የገዛኋት አንዲት የጤና መጽሐፍ ነበረችኝ። ስብራት ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርግ እርሷም ትናገራለች። ኑረዲን ከነገረኝ ግማሹን በመጽሐፌ አገኘሁትና ሌላውን ግማሽ ተውሁት። ለእናቴም ለጎረቤትም የደምን ነገር አስተማርሁ። ሰው ሲያደምጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለቱ ሳምንት ሲደርስ ሙሉቀንን ትኩሳት ያዘው። አያ ደሴ ሊጠይቁት መጡ፤ ማሰሪያውን ፈትተው ጎንበስ ብለው ቁስሉን አሸተቱት።

«ይህ ከእኔ እጅ ወጥቷል። ዛሬውኑ ውሰደው» አሉኝ።

መጽሐፌን አውጥቼ አነበብሁላቸው። ታግሠው ሰሙኝ።

«ደግ ነው ልጄ። ይህች መጽሐፍህ አፍንጫ አላት?»

ጎረቤቱ ሳቀ። ያ ሳቅ አናደደኝ። ልትወስደው የተነሣችውን እናቴን ጭቃው ይድረቅ ብዬ ከለከልኋት።

ሙሉቀን መደብ ላይ እንደተኛ «ወንድምዓለም፣ እንሂድ፤ እግሬ ውስጡ ይመታል» አለኝ። ወንድ ልጅ ይታገሣል ብዬ መለስሁለት።

ስድስት ቀን አቆየሁት። በሰባተኛው በጭነት መኪና፣ በደብረ ወርቅ በኩል፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ ሞጣ ደረስን። ደሙን ለኩት፤ እግሩን ገልጠው አዩት፤ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ብቸና ስንመለስ ሰው ሁሉ ወጌሻው አበላሸው አለ። አያ ደሴ አልተከራከሩም፤ እኔን አይተው ጠበቁ። እኔም ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲያ ስብራት ይዞ ደጃቸውን የረገጠ የለም።

ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልሁ አሳደግሁ፤ ይህን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። አለማወቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ግማሽ አውቆ የሚያውቀውን ሰው ዝም ማሰኘት ነው፤ ከዚያም የከፋ፣ ጥፋቱ ሲገለጥ ሌላውን ማስከፈል። ሙሉቀንን እግሩን አስከፈልሁት፤ አያ ደሴን ስማቸውን፣ እስከ መቃብራቸው። የብቸና ሰውም አንድ ደግ ወጌሻ አጣ። እኔ የከፈልሁት፣ ሙሉቀን እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ሳይወቅሰኝ ሲኖር ማየቱን ብቻ ነው።