ለጠፋ ቪዲዮ መርዶ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና "ጋሼ፣ ሲስተም ልጭን ብል እምቢ አለኝ" አለ። አየሁለት። በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም ይላል። ከሥሩ ዲስኩ የተከፈለባቸው ፓርቲሽኖች ተደርድረዋል፤ ስም የላቸውም፣ ቁጥርና መጠን ብቻ። ልጁ አንዱን ሊሰርዝ ሲል እጁን ያዝኩት። ጠንከር አድርጌ ሳልይዘው አልቀረሁም፣ ደንግጦ አየኝ። መጀመሪያ ፋይሎቹን ሌላ ቦታ መገልበጡን ጠየቅኩት።

"ዲ ላይ አስቀምጫለሁ እኮ" አለኝ።

ይህችን ቃል ከብዙ ዓመት በፊት እኔም ብያታለሁ።

ያኔ ሃያዎቹን አጋምሼ ነበር። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ በሚባለው ሰፈር፣ ቃሲም የሚባል የጅማ ልጅ በከፈታት ኮምፒዩተር ቤት እሠራ ነበር። ቃሲም ምላሱም እጁም ፈጣን፣ ደግሞም ቸር ሰው ነው። እንደ ሌሎቹ ቤቶች ሁሉ እኛም ኮምፒዩተር ሲመጣልን ዲስኩን እኩል ለሁለት እንከፍለዋለን፤ ሲ ለሲስተሙ፣ ዲ ለባለቤቱ ንብረት። ማሽኑ ሲታመም ሲን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው፣ ዲ አይነካም። ከተማው በሙሉ በዲ ይምል ነበር ማለት ይቻላል። የሠርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ መንዙማ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከዲ ውጭ ሌላ ቅጂ ማስቀመጥ ሥራ የፈታ ሰው ጭንቀት ይመስለን ነበር።

ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር። ከሸቤ ከተማ ወዲያ ካለች መንደር ሁሴን የሚባሉ ገበሬ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። የእህታቸው ልጅ የጀማል ነው። ጀማል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ለአረፋ ወደ ቤቱ ሲመጣ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። ላፕቶፑ ከሻንጣው ጋር ለእናቱ ደረሰ፣ ግን አይነሳም። ጓደኞቹ ለለቅሶ መጥተው ሳለ፣ ለእናቱ ብሎ የተቀረጸው ቪዲዮ በውስጡ እንዳለ ነገሯቸው።

"እህቴ አላየችውም" አሉ ሁሴን። "ማሽኑ ይነሳና እሱን ብቻ ትይ። ሌላው ቢጠፋም ግድ የለንም።"

ዲስኩን አውጥቼ ከእኛ ማሽን ጋር አገናኘሁት። ቪዲዮው ተገኘ፤ መሥራቱን ለማረጋገጥ ከፍቼ እስከ መጨረሻው አየሁት። አንድ ቀጭን ልጅ የዶርም አልጋ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ እናቱን በኦሮምኛ ያናግራል። አጭር ነው።

"አለ?" አለ ቃሲም ከበሩ በኩል።

"አለ። ዲ ላይ ነው።"

"ዲ ላይ ከሆነማ አለቀ" አለና እኔን አንድ መሥሪያ ቤት የተበላሸ ፕሪንተር እንዳይ ላከኝ።

ስመለስ ቃሲምን ወንበሩ ላይ ደርቆ አገኘሁት። ሲስተሙን ሊጭን ሲል፣ አዲስ ፓርቲሽን መፍጠርም ያለውን ማግኘትም አልተቻለም የሚል ስህተት መጣበት። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሲን ሰርዞ እንደ አዲስ መፍጠር። መጫኛው ግን ሲና ዲ ብሎ አይጽፍም፣ የሚያሳየው ሁለት እኩያ ክፍሎች ነው። ያን ሰሞን መብራት ሄድ መጣ ይል ስለነበር ቸኩሏል። የመጀመሪያውን ሲ ነው ብሎ ሰረዘው። ማን መቼ እንደነካካው እንጃ፣ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር። ሲነቃ ሲስተሙ በጀማል ቪዲዮ ላይ ተጭኖ አልቋል።

የጠፋ ፋይል ይመልሳሉ የተባሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ ሞከርን። የቪዲዮው ስም ተመለሰ፤ ሲከፈት ግን ጥቁር ነው። ቃሲም ምግብ መቅመስ ተወ።

"እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም" አለኝ። "ነውር ነው። ሽማግሌ ይዘን እንሂድ።"

ሸቤ የሚኖሩ አባ ዲጋ የሚባሉ የአባቱ ወዳጅ ነበሩ። ማታ እሳቸው ቤት ገብተን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ቀረበልን፤ በላን ለማለት ያህል ቀመስን። ሰው ወደ ለቀማ ሳይወጣ እንድረስ ብለው በማለዳ ቀሰቀሱን። ጭጋጉ አልተገለጠም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከቡና ማጠቢያው በኩል የኮመጠጠ የልጣጭ ሽታ ይመጣል። አባ ዲጋ ከፊት፣ እኛ ከኋላ።

መንደሩ ስንገባ በየደጁ ያሉ ሴቶች አባ ዲጋን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው ዝም ብለው ተከተሉን። ያኔ ነው የገባኝ። በዚያ አገር መርዶ የሚረዳው በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው። የአካባቢውን መርዶ የሚያረዱት ደግሞ አባ ዲጋ ናቸው። የጀማልንም ያረዱት እሳቸው ነበሩ። ቃሲምን ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም።

የጀማል እናት፣ እማማ ዘሃራ፣ በሩን ከፍተው ወጡ። ከኋላችን የቆመውን ሕዝብ አዩት።

"ሀያት ናት?" አሉ።

ሀያት ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ፣ የቀረች አንድ ልጃቸው ናት። አባ ዲጋ "አይደለም፣ ሀያት ደህና ናት፣ ወላሂ!" ቢሉ ማን ይመናቸው። መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ መጀመሪያ ደህና ነው ነው የሚለው። እማማ ዘሃራ መሬት ወደቁ፣ ሴቶቹ ጩኸቱን አቀለጡት። ሁሴን ወደ ጂዳ ይደውላሉ፣ ስልኩ አይነሳም፤ ለካ አሠሪዋ ሥራ ላይ ስልኳን ትወስድባታለች። ፀሐይ ከረር እስኪል ድረስ እኚያ እናት በሕይወት ላለች ልጃቸው ፊታቸውን ነጩ። ቃሲም አጥሩን ተደግፎ ያለቅሳል። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ጠዋት አላየሁም።

በመጨረሻ ሀያት አነሳች። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ድምጿን ሰሙ፤ "አልሐምዱሊላህ" አሉ ደጋግመው። ከዚያ ዕንባቸውን ጠርገው ወደኛ ዞሩ።

"ታዲያ በምን መጣችሁ?"

ቃሲም ነገራቸው። እንደ እውነተኛ ጥፋተኛ፣ ምንም ሳያሳምር። አንዷ ሴት "ለዚህ ነው?" ብላ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እማማ ዘሃራ በዓይናቸው ዝም አሰኟት።

"ማን አየው?" አሉ።

"እሱ" አለ ቃሲም።

አጠገባቸው አስቀመጡኝና "ንገረኝ ልጄ" አሉ። ነገርኳቸው። የብርቱካኑ ውኃ ዓይኑ ውስጥ እንደገባና በእጁ ጀርባ እንደጠረገው፣ ቀራጩ ጓደኛው እንደሳቀበት፣ "እማ፣ ይህን ለአረፋ ስመጣ አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን" እንዳለ። አንድም ቃል አላቋረጡኝም።

"ከስቷል?" አሉ ስጨርስ።

"ትንሽ" አልኳቸው።

ይሄኔ ነው ለጀማል ያለቀሱት፤ ያለ ጩኸት፣ ብቻቸውን። ሴቶቹ ሊያግዟቸው ቢሞክሩ በእጃቸው መለሷቸው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የአረፋ ማግስት ሸቤ እወርዳለሁ። ሥራ ብቀይርም፣ ፀጉሬ ቢሸብትም አልቀረሁም። ቃሲም አብሮኝ መምጣቱን ከተወ ቆየ፤ አልፈርድበትም። እማማ ዘሃራ ያስተናግዱኝና ሳህኑ ሲነሳ "እስቲ ንገረኝ" ይላሉ። ስለሞተ ሰው የምናውቀው ሁሉ ከሰው አፍ ነው ብዬ እጽናናለሁ፤ መጽናናቱ ግን እምብዛም አይዘልቅም።

ዘንድሮ "ነጭ ሸሚዝ ለብሶ" ብዬ ጀመርኩ።

"አይ፣ ሰማያዊ ነው" አሉኝ። "እጅጌውን ጠቅልሎታል።"

የቀረውን እሳቸው እስከ መጨረሻው ነገሩኝ፤ እኔ መቼ እንዳልኳቸው የማላስታውሰው ሁሉ አለበት። አንገቴን እየነቀነቅኩ ሰማኋቸው። የጀማል መልክ ከእኔ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል፤ ይህን ግን ልነግራቸው አልደፈርኩም።