ከብረቱ ሥር የነበረው ቁስል

የጣሊያን ወታደሮች የያዙኝ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። ለአርበኞች መልእክት ያመላልሳል ብለው ደበሎዬን ገፈው ስፌቱን በሳንጃ ተረተሩት። ያገኙት ቅማል ብቻ ነው። ባዶ እጃቸውን ላለመመለስ እኔን ይዘው ሄዱ።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል ማከማቻ ነበር። መስኮት የለውም። ብርሃኑም ዝናቡም የሚገቡት ከጣራው ሥር ባለ አንድ ስንጥቅ ነው። ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር። የላብና የሽንት መስሎኝ ነበር፤ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግን የሚሸተው የሰዎቹ እግር መሆኑን አወቅሁ። ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ሰንሰለት እግር ለእግር ተቆራኝተዋል። ብረቱ ቁርጭምጭሚታቸውን በልቶታል።

እኔን ያቆራኙኝ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ነው። የአማኑኤል ገበሬ ናቸው፤ ልጅህ ጫካ ገብቷል ተብለው ነው የታሰሩት። ዘበኞቹ እንደ ወጡ፣

«ልጄ፣ ስትነሣ አስቀድመህ ንገረኝ» አሉኝ። «ድንገት ስትስበው ነፍሴ ትወጣለች።»

«እሽ አባቴ፣ እነግርዎታለሁ» አልሁ።

ብረቱን በእጃቸው ገፋ አድርገው አሳዩኝ። ከሥሩ ያለው ሥጋ ነጥቷል፤ ዙሪያው አብጦ ያብለጨልጫል። አመድ ነስንሰውበታል። ከጎናችን የታሰረው የጉንደ ወይን ሰው፣ የራሱም እግር ማበጥ ጀምሮ ነበርና፣ ከአመድ ሽንት ይሻላል ይላል። ሌላው እበት ይላል። ሁሉም በየቤቱ ያየውን ይናገራል። ስለ ብረቱ የሚናገር አልነበረም፤ ቢናገርስ ማን ይፈታዋል?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጣሊያን ሐኪም መጣ። አዝኖልን የመጣ አይመስለኝም። ለመንገድ ሥራ የሚነዱት እስረኞች መራመድ አቅቷቸው ነበር። አብሮት አስተርጓሚ አለ፤ ያገራችን ሰው ነው። ጫማው ንጹሕ ነበር፤ ጭቃችን እንዳይነካው ደረቅ ደረቁን እየመረጠ ይረግጣል።

ሐኪሙ ከሽማግሌው ፊት ተንበርክኮ ቁስሉን አየ። ብረቱን በጣቱ መታ መታ አደረገና ብዙ ተናገረ። «ፌሮ» እያለ ደጋገመ። ዘበኞቹ ሰንሰለት ሲፈትሹ የሚሏት ቃል ስለ ነበረች ብረት ማለት መሆኑን አውቄ ነበር። ከዚያ ሐምራዊ ዱቄት የተጠቀለለበት ብጣሽ ወረቀት ሰጣቸውና እንደገና ብዙ ተናገረ።

አስተርጓሚው «በውሃ ታጠብበት ብሏል» አለ። «ገባህ?»

«እሽ፣ ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው።

«ስለ ብረቱስ ምን አለ?» አልሁ እኔ።

አስተርጓሚው በያዘው አለንጋ እጀታ አፌን መታኝ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ዱቄቱ ምን ያህል እንደሚጨመር የነገረን የለም። ከምንጠጣው ውሃ ላይ ቀንሰን፣ ቶሎ እንዲያድናቸው ብለን ያለውን ሁሉ በጠበጥነው። ውሃው ጠቆረ። ቁስሉ ላይ ስናፈሰው ሽማግሌው እጄን ይዘው ጮኹ። የጉንደ ወይኑ ሰው «መድኃኒት ካላቃጠለ አይሠራም» አለ። ሁላችንም አመንነው፤ እሳቸውም አመኑ። ጥርሳቸውን ነክሰው ጨረሱት።

ሥጋው ተላጠ። ብረቱም በተላጠው ላይ ቀጠለ። ጣቶቻቸው ሲጠቁሩ ሽታው እኔንም አላስተኛኝም። ሐኪሙ ዳግመኛ ሲመጣ ገና ከበሩ ላይ ፊቱን አዞረ። አሁን የተናገረው አጭር ነበር።

«መታከም ትወዳለህ?» አለ አስተርጓሚው። «እሽ በል።»

«እሽ፣ ጌታዬ።»

ብረቱን ሲፈቱላቸው ፈገግ አሉ። እኔም ደስ አለኝ። በቃሬዛ ሲወስዷቸው ያንን እግር ሊያድኑት ነው ብዬ አሰብሁ።

ሲመልሷቸው ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። ዘበኛው ተንበርክኮ ብረቱን ያልታመመው ግራ እግራቸው ላይ አደረገና ከእኔው ጋር ቆለፈው። ፊቱ ላይ ክፋት አላየሁበትም። በር እንደሚዘጋ ሰው ነበር።

ሽማግሌው የቀረውን ጉልበታቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። በኋላ፣

«ልጄ፣ መታከም ማለት መቆረጥ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ብረቱ እንዳይስባቸው እግሬን አስጠጋሁላቸው።

ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ተራው የጉንደ ወይኑ ሰው ሆነ። ቁርጭምጭሚቱ ብረቱን እስኪውጠው ድረስ አብጦ ነበር። ሐኪሙ ዳሰሰው፤ ብዙ ተናገረ፤ ዱቄት ሰጠው።

«ታጠብበት ብሏል። ገባህ?» አለ አስተርጓሚው።

ሰውየው እሽ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሽማግሌው ከተኙበት «አልገባኝም በል» አሉት።

«አንተ ዝም በል፣ ቆራጣ!»

ሽማግሌው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «እኔ ሳይገባኝ እሽ ብዬ እግሬን ሰጥቻለሁ። እሱ አይሰጥም። ሐኪሙ ያለውን ሁሉንም ንገረው።»

አስተርጓሚው የተቆረጠውን እግራቸውን በአለንጋ መታው። ደም በጨርቁ ላይ ወጣ። አልጮኹም። «ንገረው» አሉ ደግመው።

«አልገባኝም» አለ የጉንደ ወይኑ ሰው። አለንጋው በፊቱ ላይ አረፈ። «አልገባኝም፣ ጌታዬ።»

ከወዲያ ጥግ አንድ ድምፅ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እኔም አልገባኝም» አለ። ሌላውም ተከተለ። እኔም አልሁ።

ሐኪሙ በአስተርጓሚው ላይ ጮኸ። የሽማግሌውን ጉማጅ እግር አየ፤ በግራው ላይ ያለውን ብረትም አየ። ከዚያ እጁን እንደ ቁልፍ እያዞረ ዘበኛውን ጠራና የጉንደ ወይኑን ሰው አስፈታ። ውሃ አስመጥቶ ከዱቄቱ በጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ ጨመረ፤ ውሃው ትንሽ ሲቀላ በቃ ብሎ እጁን አነሣ። እግሩንም ከድንጋይ ላይ ከፍ አድርጎ አስቀመጠለት። አስተርጓሚ ሳያስፈልገን ሁላችንም አየን።

የሽማግሌው ብረት ግን አልተፈታም። ሐኪሙ ይፈታ ብሎ እንደ ሆነ አላውቅም። ሲወጡ አስተርጓሚው ለዘበኞቹ አንድ ነገር ተናገረ፤ በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ውሃ ከለከሉን።

የተመታው ቁስል አመረቀዘ። ሽማግሌው ጥቂት ሰነበቱና አንድ ጠዋት፣ ልነሣ ነው ስላቸው አልሰሙኝም፤ እግራቸው ቀዝቅዞ ነበር። ዘበኛው መጥቶ ብረቱን ፈታላቸው። የጉንደ ወይኑ ሰው በራሱ እግር ቆሞ መጣ፤ እብጠቱ ጎድሎለት ነበር። የዕለት የመጠጥ ውሃውን ይዞ ተንበረከከና ብረቱ የነበረበትን ቁርጭምጭሚት አጠበላቸው። ዘበኛው እንዲፈጥን ነገረው። አልፈጠነም። በነጠላው ጫፍ አደረቀው። እኔ የማውቀውን ዳዊት ደገምሁ።

አሁን አርጅቻለሁ። በብርድ ጊዜ ግራ እግሬ ያብጥና ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ነርሷ መልካም ልጅ ናት። መድኃኒቱን ሰጥታ «ገባዎት አባባ?» ትለኛለች። ገብቶኝም ቢሆን እንድትደግምልኝ እለምናታለሁ፤ ስንት እንደምውጥ፣ መቼ እንደማቆም፣ ቢያመኝ ምን እንደማደርግ። ጆሮዬ የደከመ መስሏት ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ከኋላዬ የተሰለፉት «ይህ ሽማግሌ አቆየን» እያሉ ያጉረመርማሉ።

ይታገሡኝ።